በእኩዮች ፊት መቅረብ፦ የአሜሪካ የወጣቶች ችሎት እንዴት ይሠራል?

ከትምህርት ቤታችን ተማሪዎች በየዓመቱ ጥቂቶቹ የጉዞ ወረቀታቸው ተጠናቆ ከናይሮቢ ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። ከሄዱም በኋላ አንዳንዶቹ ይጽፉልናል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከሜሪላንድና ከቴክሳስ በደረሱን መልእክቶች ውስጥ አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ መጥቷል፤ «በትምህርት ቤታችን የቲን ኮርት በጎ ፈቃደኛ ሁኑ እያሉን ነው። ምንድን ነው? ብንገባበት ይጠቅማል ወይስ ጣጣ አለው?» የሚል ነው። ከአንዲት እናት ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ልጃቸው ከሱቅ ዕቃ አንሥቶ ተይዞ «ቲን ኮርት ይቅረብ» ስለተባለ፣ የቀረበላቸውን ወረቀት ይፈርሙ እንደሆነ ጠየቁን። ይህን ጽሑፍ ለዓመት መጽሔታችን ያዘጋጀሁት ለሁለቱም ወገን እንዲሆን ነው፤ ለሚፈርደውም ለሚፈረድበትም።

ቲን ኮርት በእኛ ቋንቋ የወጣቶች ችሎት ልንለው እንችላለን። አንዳንድ ቦታ የእኩዮች ችሎት ወይም የተማሪዎች ችሎት ይባላል። ቀላል ጥፋት የፈጸመ፣ ከዚያ በፊት ጥፋት የሌለበት ልጅ፣ በመደበኛው የወጣት አጥፊዎች ፍርድ ቤት በኩል ከመሄድ ይልቅ በዕድሜ እኩዮቹ ፊት ቀርቦ ስለ ጥፋቱ የሚጠየቅበትና ማድረግ ያለበት የሚወሰንበት ሥርዓት ነው። ጠበቃው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ጁሪው፣ የችሎት ጸሐፊው፣ አንዳንድ ቦታ ዳኛውም ጭምር የ13፣ የ15፣ የ17 ዓመት ልጆች ናቸው። ጨዋታ ወይም ድራማ ግን አይደለም። የሚቀርበው ልጅ እውነተኛ ነው፣ ጥፋቱም እውነተኛ ነው፣ የሚወሰንበትንም ነገር ካልፈጸመ ጉዳዩ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በቴክሳስ ግዛት በግራንድ ፕሬሪ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በኦዴሳ ከተማ ደግሞ በ1983 የተቋቋሙት ችሎቶች ለሌሎች አርአያ ሆነዋል፤ በተለይ የኦዴሳው ብዙዎች እየሄዱ ያዩትና የቀዱት ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመላ አገሪቱ ከመቶ የማይበልጡ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በፍጥነት ተበራክተው ከ1,000 በላይ ደረሱ። ለመብዛታቸው ዋናው ምክንያት፣ እንደሚመስለኝ፣ ርካሽ መሆናቸው ነው። የወጣት አጥፊዎች ፍርድ ቤቶች በከባድ ጉዳዮች ስለተጨናነቁ የከንፈር ቀለም የሰረቀች የ13 ዓመት ልጅ ጉዳይ ወራት ይቆይና በመጨረሻ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዘጋ ነበር። ልጅቱም ምንም እንዳልተደረገ ትቆጥረዋለች። የወጣቶች ችሎት ቶሎ ይሰማል፣ በበጎ ፈቃደኞች ይሠራል፣ ልጅቱም ቢያንስ አንድ ምሽት ተቀምጣ ስለ ድርጊቷ ትናገራለች።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልብ ሊባል ይገባል። ከእነዚህ ችሎቶች አብዛኞቹ «አጥፍቷል ወይስ አላጠፋም?» የሚለውን አይመረምሩም። ልጁ ወደዚያ የሚሄደው ጥፋቱን አምኖ ነው። የቀረው ጥያቄ «ታዲያ አሁን ምን ያድርግ?» የሚል ብቻ ነው። የአሜሪካ ፊልም አይተን የምናውቀው ክርክር፣ ምስክር የሚጠራበትና ማስረጃ የሚገለጥበት፣ እዚህ ቦታ የለውም። ልጆቻችን ይህን ባለማወቅ ጠበቃ ሆነው ሲገቡ «ደንበኛዬ ንጹሕ ነው» ለማለት ተዘጋጅተው ይመጣሉ። ሥራው ግን ሌላ ነው።

አካሄዱን ለማሳየት አንድ ምናባዊ ጉዳይ ልውሰድ። የ14 ዓመት ልጅ ነው እንበል፤ ከገበያ አዳራሽ ሱቅ የ40 ዶላር የጆሮ ማዳመጫ በቦርሳው ከትቶ ሲወጣ ተያዘ። ፖሊስ መጣ፣ ወላጅ ተጠራ። ፖሊሱ፣ ወይም ጉዳዩ የደረሰው የዐቃቤ ሕግ ወይም የወጣት ጉዳዮች ቢሮ፣ የመጀመሪያ ጥፋቱ መሆኑን አይቶ ወደ ወጣቶች ችሎት ይመራዋል። የችሎቱ አስተባባሪ፣ እርሱ ደሞዝ የሚከፈለው አዋቂ ነው፣ ልጁንና ወላጁን ጠርቶ ያነጋግራል። አሠራሩን ያስረዳል፤ ልጁ ጥፋቱን ያምን እንደሆነ፣ ወላጁም ይስማማ እንደሆነ ይጠይቃል። ሁለቱም ከፈረሙ የቀጠሮ ቀን ይሰጣል። ችሎቱ ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በምሽት ይውላል፤ ቦታው እውነተኛ የፍርድ ቤት አዳራሽ፣ የከተማ ምክር ቤት ክፍል ወይም የትምህርት ቤት ክፍል ሊሆን ይችላል።

በቀጠሮው ምሽት የወጣት ዐቃቤ ሕጉ ጥፋቱ በማኅበረሰቡና በባለሱቁ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ያስረዳል። የወጣት ተከላካዩ ስለ ልጁ ይናገራል፤ ቤቱ፣ ትምህርቱ፣ ከዚያ ወዲህ ያደረገው ለውጥ። ልጁ ራሱ ይጠየቃል፣ ብዙ ጊዜ ወላጁም ይጠየቃሉ። ከዚያ ጁሪው ወደ ሌላ ክፍል ገብቶ ይመክርና ውሳኔውን ይዞ ይመለሳል። ለምሳሌ 20 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ ለባለሱቁ የይቅርታ ደብዳቤ፣ ለሁለት ምሽት ራሱ በሌሎች ልጆች ጉዳይ ጁሪ ሆኖ መቀመጥ። በዕፅ ወይም በመጠጥ ጉዳይ የቀረበ ከሆነ ትምህርታዊ ክፍል መከታተል ይጨመራል። የተበላሸ ዕቃ ካለ ካሳ ይከፈላል። ይህን በተሰጠው ጊዜ ከጨረሰ ክሱ ይዘጋል ወይም ከመጀመሪያውም አይመሠረትም። ለምሳሌ በቴክሳስ ሕግ የጊዜ ገደቡ 90 ቀን ነው። ካልጨረሰ ጉዳዩ ወደ መደበኛው መንገድ ይመለሳል።

ከነዚህ ሁሉ በጣም የምወደው፣ ጥፋተኛ ሆኖ የቀረበው ልጅ ተመልሶ ጁሪ የሚሆንበትን ነው። ባለፈው ወር እርሱ በተቀመጠበት ወንበር ሌላ ልጅ ተቀምጦ ያያል። የሚያሳፍረውም የሚያስተምረውም ያ ነው ብዬ አስባለሁ። በአንጻሩ ድርሰት እንደ ቅጣት ሲታዘዝ፣ ይህም በብዙ ችሎቶች የተለመደ ነው፣ እንደ አስተማሪ ደስ አይለኝም። ሠላሳ ዓመት ልጆች መጻፍ እንዲወዱ ስንለፋ ኖረን መጻፍን ከቅጣት ጋር ማሰር ለእኔ አይጥመኝም። የይቅርታ ደብዳቤ ግን ሌላ ነው፤ የሚጻፍለት ሰው አለ።

አደረጃጀታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። በጣም የተለመደው አዋቂ ዳኛ የሚሰየምበት ነው፤ እውነተኛ ዳኛ ወይም ጠበቃ በበጎ ፈቃድ ሥነ ሥርዓቱን ይመራል፣ ሌላው ሁሉ በወጣቶች ይሠራል። በሌላው ዓይነት ዳኛውም ልምድ ያለው ወጣት ነው። ሦስተኛው ጁሪ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወጣት ዳኞች ሁለቱን ወገን ሰምተው ይወስናሉ። በአራተኛው ደግሞ ጠበቃም ዐቃቤ ሕግም የለም፤ ጁሪው ራሱ ልጁን ይጠይቀዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው ይህ የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን መጠየቅ የማያውቅ ጁሪ ካለበት ምሽቱ በዝምታ ያልቃል።

በጎ ፈቃደኛ ለመሆን ምን ያስፈልጋል? ብዙ ቦታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መሆን በቂ ነው፣ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የሚቀበሉም አሉ። ሥልጠናው ከአንድ ምሽት እስከ ብዙ ሳምንታት ይለያያል። በአላስካ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው የአንከሬጅ የወጣቶች ችሎት ጠንከር ካሉት አንዱ ነው፤ ልጆቹ የሕግ ትምህርት ተከታትለው እንደ ጠበቆች ፈተና ያልፋሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ችሎት ላይ የሚቆሙት። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ችሎቱ የሚመራው በካውንቲው ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሲሆን፣ ተማሪዎች ጁሪ ሆነው የሚያሳልፉት ሰዓት ለምረቃ ከሚጠየቀው 75 የአገልግሎት ሰዓት ይቆጠርላቸዋል። በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ኤድጋር ካህን የተባሉ የሕግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1996 ባቋቋሙት ችሎት ልጆቹ ለሰጡት ሰዓት «የሰዓት ዶላር» ይቆጠርላቸውና በዚያ የታደሰ ኮምፒዩተር ይወስዱ ነበር። ለአገልግሎት ሰዓት ብሎ መግባት ነውር የለውም። ሰዓቱን ፈልጎ የገባ ብዙ ልጅ ሥራውን ወድዶ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከሁሉ በላይ የማስጠነቅቀው ምስጢርን ነው።

እያንዳንዱ በጎ ፈቃደኛ ምስጢር እንደሚጠብቅ ይምላል ወይም ይፈርማል። አሜሪካዊ ተማሪ ይህን ሲፈርም በከተማው ከብዙ ሺህ ሰው መካከል የአንዱን ጉዳይ ነው የሚደብቀው። የእኛ ልጅ ግን ሌላ ችግር አለበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዳላስ ያለ አበሻ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በዕድር፣ በሠርግ ይገናኛል። «ስሙን አልጠራም፣ አንድ የኛ ልጅ ዛሬ ቀረበ» ማለት ስም ከመጥራት አይለይም፤ እሑድ ሳይደርስ ማን እንደሆነ ይታወቃል። የዚያ ልጅ እናት ከቤተ ክርስቲያን ትቀራለች፣ አባቱ ሥራ ቦታ አንገቱን ይደፋል። ክሱ ተዘግቶ መዝገቡ ከተሰወረ በኋላ እንኳ በእኛ ሰፈር ያለው መዝገብ አይዘጋም። ሥርዓቱ በሙሉ የተሠራው ልጁ በአንድ ቀን ጥፋት ለዘላለም «ሌባ» ተብሎ እንዳይጠራ ነው። አንድ በጎ ፈቃደኛ ቡና ላይ በተናገረው ቃል ይህ ሁሉ ይፈርሳል።

ስለዚህ በምስጢር የሚያዘው ስም ብቻ አይደለም። ጥፋቱ ምን እንደሆነ፣ የተወሰነው፣ ወላጁ ያለቀሱ እንደሆነ፣ በምክክሩ ክፍል ማን ምን እንዳለ፣ ሁሉም እዚያው ይቀራል። በቴሌግራም ቡድን አይጻፍም፣ በቲክቶክ «ዛሬ ችሎት ላይ የገጠመኝ» ተብሎ አይነገርም። እናት «ዛሬስ ማን ቀረበ?» ብላ ብትጠይቅ መልሱ «እማዬ፣ ምዬበታለሁ» ነው። የእኛ እናቶች መሐላን ያከብራሉ፤ ደግማ አትጠይቅም።

የምታውቁት ልጅ ቢቀርብስ? ወዲያው ለአስተባባሪው ተናግሮ መውጣት ነው። ዘመድ፣ የክፍል ጓደኛ፣ አብሮ የሚዘምር፣ የተጣላችሁት ልጅ፣ የወንድምህ ጓደኛ፣ ሁሉም ከዚህ ይቆጠራሉ። ብዙ ችሎቶች ከመጀመሩ በፊት ጁሪውን «የምታውቁት አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። ባይጠይቁም ራስ መናገር ይገባል። «አውቀዋለሁ፣ ግን ሳላዳላ እፈርዳለሁ» የሚለው ሐሳብ ደግ ይመስላል፣ ሆኖም ነገ በትምህርት ቤት ኮሪደር ያ ልጅ ሲያይህ ምን እንደሚሰማው አስብ።

ቀጥሎ ጥያቄ መጠየቅ ነው። «ለምን ሰረቅህ?» ተብሎ የተጠየቀ ልጅ «አላውቅም» ይላል፣ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። «ያን ቀን ከትምህርት ቤት ከወጣህ ጀምሮ የሆነውን ንገረን» ቢባል ግን ማን አብሮት እንደነበረ፣ ማን እንዳደፋፈረው፣ ገንዘብ በኪሱ እንደነበረ ራሱ ይናገራል። «ባለሱቁ ዕቃው መጥፋቱን ሲያይ ምን ያደረገ ይመስልሃል?» የሚለው ደግሞ ከረጅም ተግሣጽ ይበልጣል። ጁሪ አይገሥጽም። ተግሣጹን እቤት ጠግቦ ነው የመጣው። ከየት አገር እንደመጣ፣ በምን ወረቀት እንደሚኖር፣ ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም።

እዚህ ላይ የእኛ ልጆች የተለየ እርዳታ ሊሰጡ የሚችሉበት ነገር አለ። እኛ ዘንድ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ሲገሠጽ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ይህ አክብሮት ነው። በአሜሪካ ግን ሲያናግሩት ዓይን የማያይ ሰው የሚደብቀው ነገር እንዳለው ወይም እንዳልተጸጸተ ይቆጠርበታል። ከአገር ቤት በቅርብ የመጣ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ ጁሪው «ግድ የለውም» ብሎ ሊያከብድበት ይችላል። በምክክሩ ክፍል አንድ ልጅ «እኛ ጋ ይህ ይሉኝታ ነው» ብሎ ቢያስረዳ ፍርዱ ይስተካከላል። ወላጁም እንዲሁ ናቸው። የኛ ሰው ልጁ ሲከሰስ ከተከላካዩ ይልቅ ለዐቃቤ ሕጉ ያግዛል፤ «ቅጡልኝ፣ እኔም አልቻልኩትም» ይላል። አሜሪካዊ ልጅ ይህን ሰምቶ ልጁ እቤት አስቸጋሪ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል። አባትየው ግን ምናልባት ስለ ጨዋነት ብሎ ነው የተናገረው፤ ልጁን ወግኖ መናገር ነውር መስሎት።

አስተርጓሚ መሆን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አማርኛ የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ በአዳራሹ ካለ «አንተ አስተርጉም» ሊባል ይችላል። እምቢ ማለት ይገባዋል ባይ ነኝ። እየፈረደ ማስተርጎም አይቻልም፤ ደግሞም አንዲት እናት ስለ ቤቷ ገመና በ16 ዓመት ልጅ አፍ እንድትናገር ማድረግ ተገቢ አይደለም። አስተባባሪው አዋቂና ያልተዛመደ አስተርጓሚ እንዲፈልግ መጠየቅ የቤተሰቡ መብት እንደሆነ ለወላጆችም እነግራለሁ።

ስለ ቅጣቱ መጠንም ልጨምር። ልጆች ከአዋቂ ይልቅ ጨካኝ ፈራጆች ናቸው። በትምህርት ቤታችን «ለዚህ ጥፋት ምን ይደረግ?» ብዬ በጠየቅኋቸው ቁጥር ከመምህራኑ የከበደ ነው የሚያመጡት። ለዚህም ነው ብዙ ችሎቶች ለእያንዳንዱ የጥፋት ዓይነት ከዚህ እስከዚህ ሰዓት የሚል ወሰን የሚያወጡት። በወሰኑም ውስጥ ቢሆን ጁሪው ሊያስብበት የሚገባው አንድ ጥያቄ ልጁ ሊፈጽመው ይችላል ወይ ነው። እናቱ ሁለት ሥራ የምትሠራ፣ መኪና የሌለው፣ ከትምህርት በኋላ ታናናሾቹን የሚጠብቅ ልጅ ላይ ከቤቱ በሩቅ ቦታ 40 ሰዓት ማዘዝ እንዳይፈጽም ማዘዝ ነው። ካልፈጸመ ደግሞ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይመለሳል። ማዋረድም አይፈቀድም፤ «ሌባ ነኝ» የሚል ምልክት አንጠልጥሎ ማቆም ዓይነት ነገር ለተመልካች እርካታ እንጂ ለልጁ ትምህርት አይሆንም።

ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ በዋሽንግተን የሚገኘው የከተማ ጥናት ተቋም፣ ኧርባን ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ጥናት እስካሁን ብዙ ይጠቀሳል። በአራት ግዛቶች የወጣቶች ችሎት የደረሳቸውን ልጆች በሌላ መንገድ ከተስተናገዱ ተመሳሳይ ልጆች ጋር አነጻጽሮ፣ በ6 ወር ውስጥ ስንቶቹ እንደገና እንዳጠፉ ቆጠረ። በአላስካ በችሎቱ ካለፉት 6 በመቶ፣ ከሌሎቹ 23 በመቶ ነበሩ። በሚዙሪ 9 ለ28። በአሪዞና 9 ለ15 ሆነ፣ ይህ ልዩነት ግን በስታቲስቲክስ መለኪያ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል የሚባል ነበር። በሜሪላንድ ውጤቱ ተገለበጠ፤ በችሎቱ ያለፉት 8 በመቶ፣ ሌሎቹ 4 በመቶ፤ ይህም ልዩነት ትንሽ ነው፣ ሌሎቹም በፖሊስ በኩል ተመሳሳይ አገልግሎት ያገኙ ልጆች ነበሩ። ትኩረቴን የሳበው የተሻለው ውጤት ወጣቶቹ ራሳቸው ዳኝነቱን በያዙባቸው በአላስካና በሚዙሪ መታየቱ ነው። ከአራት ቦታ ተነሥቶ ሕግ ማውጣት አይቻልም፤ ነገር ግን ኃላፊነቱ የእውነት ለልጆች ሲሰጥ የበለጠ ይሠራል ብዬ እንዳስብ አድርጎኛል።

ተቃውሞም አለ። አንዱ፣ ባለሱቁ ቆጣ ብሎ ይለቀው የነበረውን ልጅ ሳይቀር አሁን ወረቀት ተሞልቶበት ችሎት ይቀርባል፣ መረቡ ሰፋ የሚል ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። የወላጅ ቁጣ የሚበቃው ነገር ችሎት አያስፈልገውም።

ይህ ወደ ወላጆች ጥያቄ ያመጣኛል። ወረቀቱን መፈረም ማለት ልጁ ጥፋቱን ማመኑ ነው። ልጁ «አላደረግኩም» የሚል ከሆነ፣ ነገሩን ቶሎ ለመገላገል ብሎ ማሳመን ትክክል አይደለም፤ ለዚያ የሚሆነው ጠበቃ የሚቆምበት መደበኛው መንገድ ነው። አጥፍቶ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የወጣቶች ችሎት የተሻለው ምርጫ ነው። ነገር ግን ዜግነት ገና ያላገኘ ቤተሰብ አንድ እርምጃ ይጨምር፤ ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክር። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን አሠራር በወጣት አጥፊዎች ፍርድ ቤት የተሰጠ ውሳኔ እንደ አዋቂ የወንጀል ጥፋተኝነት አይቆጠርም። የዕፅ ጉዳይ ግን ለብቻው ነው፤ እዚያ ላይ በራስ ቃል ማመን ብቻውን በኋላ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። ደግሞም የመኖሪያ ፈቃድና የዜግነት ማመልከቻ ቅጾች የተዘጋና የተሰወረ መዝገብን ጭምር ይጠይቃሉ። ስለዚህ ክሱ መዘጋቱን የሚያሳየውን ደብዳቤ ተቀብሎ ከፓስፖርት ጋር በአንድ ቦታ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ብዙ ወላጅ «አለቀ» ሲባል ወረቀቱን ይጥለዋል።

አንዳንድ አባቶች ይህን ስነግራቸው «ሽምግልና አይደለም እንዴ?» ይላሉ። ይመሳሰላሉ። በሁለቱም ጥፋት ይታመናል፣ ይቅርታ ይጠየቃል፣ ካሳ ይከፈላል። ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። በሽምግልና የሚናገሩት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ልጅ ጥግ ቆሞ የሚባለውን ይሰማል። እዚያ ግን ልጁ ይናገራል፣ የሚሰሙትም ልጆች ናቸው። በአንድ ነገር ደግሞ የእኛ ይበልጣል፤ ሽማግሌ ተበዳዩን ሳይዝ አይቀመጥም። በብዙ የወጣቶች ችሎቶች ባለሱቁ በአዳራሹ የለም፣ ስለ እርሱ ሌላ ሰው ይናገርለታል። የይቅርታ ደብዳቤ በፖስታ ከመላክ ጉልበት ስሞ መታረቅ ይሻላል ብንል የምንሳሳት አይመስለኝም።

እኛ ባለንበት አካባቢ ሕጉ ምን ይላል ለሚሉ፣ በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን በወንጀል ተጠያቂ አያደርግም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ከአዋቂ የተለየ ሥርዓት አለው። እዚህ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የሕፃናት ሕግ የተጠያቂነት ዕድሜን ከ8 ወደ 12 ዓመት ከፍ አድርጎ፣ ልጆችን ከመደበኛ ክስ አውጥቶ በሌላ መንገድ ማስተናገድን ፈቅዷል። እኩዮች የሚፈርዱበትን ችሎት ግን ሁለቱም ሕጎች አላቋቋሙም።

ስለዚህም በትምህርት ቤታችን ከሚቀጥለው የትምህርት ዓመት ጀምሮ የምንሞክረው የተማሪዎች ሸንጎ ፍርድ ቤት አይሆንም፣ ያንን ስምም አንሰጠውም። የሚያየው ማርፈድን፣ የመማሪያ መጽሐፍ ማጥፋትንና ወንበር መስበርን የመሰሉ ጉዳዮችን ብቻ ነው፤ ድብድብ፣ ስርቆትና ዕፅ እንደ ቀድሞው በዲሲፕሊን ኮሚቴው ይታያሉ። ጉዳዩ የሚቀርብለት ተማሪ አስቀድሞ ጥፋቱን ያመነ፣ ወላጁም የተስማማ ይሆናል። አምስት ተማሪዎች ይቀመጣሉ፣ አንድ መምህር ሳይናገር ይከታተላል። የጎደለውን ነገር የሚያስተካክል እንጂ ከትምህርት ገበታ የሚያስቀር ቅጣት መወሰን አይችሉም። ምስጢር ያወጣ አባል በዚያው ቀን ይሰናበታል። መሳተፍ የሚፈልጉ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ፎርሙን ከጽሕፈት ቤት መውሰድ ይችላሉ፤ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል።